አረቄ ይለያል የተባለው ማሽን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ፈንታሁን ስለ ዲፕሎማዬ አልጠየቁኝም። "ጋወን አለሽ?" አሉኝ። አለኝ አልኩ። "ነጭ ነው?" ነጭ ነው አልኩ። "በይ ልበሺና መስኮቱ አጠገብ ቁሚ፤ ከአስፋልቱ ይዩሽ" አሉ። የላብራቶሪ ሙያዬን ቆሰበር ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ፣ መስኮት ሥር በመቆም ጀመርኩ።

ጊዜው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገና በመሠራት ላይ የነበረበት ነው። ከተማው በወረቀት እንጅባራ ይባላል፤ እኔ ግን የዳንግላ ልጅ ስለሆንኩ እናቴ "ቆሰበር ገባች" ብላ ለጎረቤት እንደተናገረችው ቆሰበር እያልኩ ቀረሁ።

አቶ ፈንታሁን ወደ ጤና ከመግባታቸው በፊት የድንች ነጋዴ ነበሩ። ለምን እንደቀየሩ ሲጠየቁ "ድንች ቶሎ ይበሰብሳል፤ በሽተኛ ግን ሁልጊዜ ትኩስ ነው" ይላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለቸገረው ሰው መድኃኒት በነጻ ሲሰጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ብቻ ምንም ነገር ሲያዩ ቀድሞ የሚታያቸው ታፔላው ነበር።

የላብራቶሪው ዋና ሥራ ያኔ ሄማቶክሪት ነበር። ጣት ትወጊያለሽ፤ ደሙን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ትስቢያለሽ፤ አንዱን ጫፍ በጭቃ መሰል ማሸጊያ ትደፍኛለሽ፤ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ታሽከረክሪዋለሽ። ሲወጣ ቀዩ ከታች ረግቷል፣ ውሃማው ከላይ ቀርቷል። ቀዩ ከጠቅላላው ከመቶ ስንት እጁን እንደያዘ በሰንጠረዥ ታነቢያለሽ። ይኸው ነው።

ችግሩ "ከመቶ" የሚለው ቃል ነበር። አንድ ቀን አንድ መምህር ውጤታቸውን ስሰጣቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ከመቶ አርባ አራት?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጥሩ ነው።"

"እህቴ፣ እኔ አርባ አራት ያመጣ ተማሪ ጥሩ ነው ብዬ አላውቅም።"

ለወንድ መደበኛው በዚያ አካባቢ እንደሆነ፣ ሰማንያ ቢያመጡ ኖሮ ደማቸው እንደ ገንፎ ወፍሮ ይሞቱ እንደነበር አስረዳኋቸው። አልተጽናኑም። ወጥተው ለአቶ ፈንታሁን ቅሬታ አቀረቡ። አቶ ፈንታሁንም ገብተው "የሺ፣ ለምን ከሃምሳ አታደርጊውም? ደንበኛ ደስ ብሎት ይሂድ እንጂ" አሉኝ።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ሙሉ የደም ምርመራ የሚሠራ፣ ያገለገለ ግን ደህና ማሽን ነው። ከባሕር ዳር በአይሱዙ፣ እንደ አራስ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ገባ። አቶ ፈንታሁን ጠበል ይረጭበት አሉ። ለኤሌክትሪኩ ፈርቼ ደጃፉን ብቻ አስረጨሁት። በማግሥቱ ከበሩ በላይ "ደምዎን በኮምፒውተር! ሁሉን ይለያል!" የሚል ጨርቅ ተሰቀለ።

ማሽኑ ውጤቱን በወረቀት ያትማል። ብዙ መስመር አለው። ከመደበኛው የበለጠው ቁጥር ጎን ኤች፣ ያነሰው ጎን ኤል ይጽፋል። አቶ ፈንታሁን ለደንበኞች "ኤች ማለት ኃይለኛ፣ ኤል ማለት ለስላሳ ነው" ብለው ተረጎሙላቸው። ሰው ኤች በዛልኝ ብሎ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ጫፉን አውጥቶ መሄድ ጀመረ። አንዲት እናት የልጇ ውጤት ኤል ብቻ ስለሆነ ሌላ ማሽን ካለን እንድሞክርላት ለመነችኝ።

እኔም ብሆን ከዚያ ሁሉ መስመር የምመለከተው አንዱን ብቻ ነበር፤ ሄሞግሎቢንን። ሌላውን ያስተማረችኝ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች በሽተኛ የምታይ ዶክተር ሕይወት ነች። ወጣት ናት፣ ብዙ አታወራም። ወረቀቱን ስሰጣት ጣቷን ሁልጊዜ ወረድ አድርጋ "ኤም ሲ ቪ" የሚለው ላይ ታሳርፍ ነበር።

"ለምንድን ነው ከዚያ የምትጀምሪው?" አልኳት።

አቶ ፈንታሁን በሩ ላይ ቆመው ስለነበር ለሁለታችንም እንዲሆን አድርጋ ነገረችን። "ጋሼ፣ አንድ ጆንያ ድንች ያስቡ። ሄማቶክሪት ጆንያው ምን ያህል እንደሞላ ይነግረኛል። ኤም ሲ ቪ ደግሞ የአንዱ ድንች መጠን በአማካይ ስንት እንደሆነ ይነግረኛል። ቀይ የደም ሕዋስ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከሰማንያ እስከ መቶ ባለው ውስጥ ነው። ካነሰ መጀመሪያ ብረት ጎድሎ እንደሆነ አስባለሁ። ከበለጠ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።"

"ትልቅ ድንች ዋጋው ትልቅ ነው" አሉ አቶ ፈንታሁን በመስማማት።

"ደም ላይ እንደዚያ አይደለም" አለች። እሳቸው ግን ሄደው ነበር።

በዚያ ክረምት አቶ እንየው መጡ። በከተማው ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ናቸው። ከረባት አስረው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ፣ እግራቸውን ፈርከክ አድርገው ገቡ።

"ደሜ ውስጥ አረቄ እንደሌለ የሚገልጽ ወረቀት እፈልጋለሁ" አሉኝ።

"አቶ እንየው፣ እንደዚያ ያለ ምርመራ የለንም።"

በጃንጥላቸው ወደ ጨርቁ ጠቆሙ። "ሁሉን ይለያል ይል የለም እንዴ?"

ወንበር ሰጠኋቸውና አስወራኋቸው። ከክልል እንግዶች መጥተው መሥሪያ ቤቱን ሲጎበኙ፣ አቶ እንየው ደረጃው ላይ ተደናቅፈው የእንግዶቹን መሪ ይዘው ወድቀዋል። ከዚያ በፊትም ሲንገዳገዱ ያያቸው ሰው ነበር። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቋቁሞ "በሥራ ሰዓት ሰክሮ መገኘት" የሚል ክስ ቀርቦባቸዋል። ከሥራ ሊባረሩ ነው።

"ከቆረብኩ ወዲህ አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም" አሉኝ። "ግን እግሬ መሬቱን አያውቀውም። ጥጥ ላይ የምሄድ ይመስለኛል። ይህን ለኮሚቴው ስነግራቸው፣ ጥሩ ብርሌ የጠጣ ሰውም እንደዚያ ነው የሚለው አሉኝ።"

ደም ወሰድኩና እሳቸው ወደ ቢሯቸው በባጃጅ ተመለሱ። ማሽኑ አነበበ። ሄሞግሎቢኑ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ኤም ሲ ቪው ግን መቶ ሃያ ሁለት ነበር፤ ጎኑ ኤች።

እንደዚያ ያለ ቁጥር አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማሽኑን ነው። የራሴን ደም ቀድቼ አስነበብኩት፤ መደበኛ ወጣ። ዶክተር ሕይወት አንድ ጊዜ፣ የአንዳንድ ሰው ደም ሲበርደው ሕዋሳቱ እየተጣበቁ ማሽኑ ሁለቱንም ሦስቱንም እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል ብላኝ ነበር። ቆሰበር በክረምት ብርዱን ታውቁታላችሁ። ቱቦውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይቼ ደገምኩት። ያው ሆነ።

ከሰዓት ወረቀቱን ለዶክተር ሕይወት ሰጠኋት። ጣቷን እዚያው መስመር ላይ አሳርፋ ቆየች። "ትልልቅ ናቸው። አረቄም ያደርገዋል፤ የቫይታሚን እጥረትም ያደርገዋል፤ ጉበትም፣ አንዳንድ መድኃኒትም። ሰውየውን ሳላይ ምንም አልልም። ጥሪልኝ።"

ስልክ ሞከርኩ፣ ኔትወርክ የለም። ስዞር አቶ ፈንታሁን በሩ ላይ ነበሩ። ከተባለው ሁሉ ይዘው የሄዱት አንዱን ቃል ብቻ እንደሆነ ከአረማመዳቸው ታወቀኝ።

በማግሥቱ ምሳ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ማሽናችን አረቄ እንደሚለይ ሰምቷል። አቶ ፈንታሁን ስም አልጠሩም። "ትናንት አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ተለየ" ብቻ ነው ያሉት። ከመናኸሪያው እስከ እኛ በር አቶ እንየው ግድግዳ ተደግፈው ሲገቡ ያላየ አልነበረም። ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላ ወሬው ኮሚቴው ዘንድ ደረሰ፤ ወረቀቱ ራሱ ሳይደርስ እንደ ማስረጃ ተያዘ። አቶ እንየው ከዚያ ወዲያ ወደ ክሊኒኩ ዝር አላሉም። ስደውልላቸው ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

ጨርቁም ተቀየረ። "የአረቄ ምርመራ በማሽን" ይላል። ወረፋው አስፋልቱን ነካ። የባጃጅ ባለቤቶች ሾፌሮቻቸውን ይዘው መጡ። አማች የወደፊት አማቹን ይዞ መጣ። ሚስቶች ባሎቻቸውን እጅጌ እየጎተቱ መጡ። ከነዚህ አንዷ እትየ ስንዱ ናቸው፤ ባላቸው አያ ጌትነት ደግሞ ጠጪነታቸው ለማንም አዲስ ያልሆነ ከሰል ነጋዴ። ደም ልወስድ ስጠጋቸው ራሱ ትንፋሻቸው ዓይኔን አስለቀሰኝ።

የአያ ጌትነት ኤም ሲ ቪ ሰማንያ ስምንት ወጣ። ፍጹም መደበኛ።

"ይኸ ምን ማለት ነው?" አሉኝ እትየ ስንዱ።

"ሕዋሳቸው መጠኑ ደህና ነው ማለት ነው። ስለ መጠጡ ምንም አይልም። ብዙ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ሕዋሱ አይተልቅም።"

ያልኩት ገብቷቸዋል፤ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። አያ ጌትነት ግን የሰሙት "ደህና ነው" የሚለውን ብቻ ነው። ወረቀቱን በመስታወት አስገጥመው የሚጠጡበት ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እትየ ስንዱ ሌላ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ "ልጀ፣ ድሮ ደብቆ ነበር የሚጠጣው፤ አሁን በወረቀት ሆነ" አሉኝ።

ዶክተር ሕይወት ጨርቁን ያየችው በዚያ ሰሞን ከሄደችበት ሥልጠና ስትመለስ ነው። በር ላይ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ አቶ ፈንታሁን ቢሮ ገባች።

"ጋሼ፣ ወይ ጨርቁ ይውረድ ወይ እኔ ልሂድ።"

"ሕይወትዬ፣ ጨርቁ እኮ አዲስ ነው።"

"እንግዲያው አዲስ ዶክተርም ይፈልጉ።"

ጨርቁ ወረደ። ከአቶ ፈንታሁን ጋር ስሠራ እንደተረዳሁት የጀመሩት ነገር አይባክንም፤ ገልብጠው ጄኔሬተሩን አለበሱት። ወረፋው ግን ወዲያው አልቀረም። ሰው ለብዙ ጊዜ እየመጣ "ያንን የውስጡን ምርመራ" እያለ በሹክሹክታ ይጠይቀኝ ነበር።

አቶ እንየውን ይዘው የመጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ ባንቺ ናቸው። ባጃጁ በር ድረስ ተጠግቶ፣ እሳቸውና ሾፌሩ ግራና ቀኝ ደግፈው አወረዷቸው። አቶ እንየው ከረባት አላሰሩም፤ የሸሚዛቸው ቁልፍም ተዛንፏል። ጣታቸው ቁልፍ መያዝ አቅቶት እንደነበር በኋላ ገባኝ። ወይዘሮ ባንቺ እኔን ወደ ጎን ስበው አነጋገሩኝ።

"ማታ ማታ በር ላይ አፉን አሸተዋለሁ። ምንም የለም። ግን ይንገዳገዳል። ሽታ የሌለው አረቄ ወጥቷል ይላሉ፤ እውነት ነው?"

"አልሰማሁም፣ እትየ።"

"እኔም አላመንኩም። ግን አፉን ማሽተቱን አልተውኩም" አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ዶክተር ሕይወት የደም ውጤቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጫማቸውን አስወለቀች። ስትመታው የሚንቀጠቀጥ ሹካ መሰል ብረት አለ፤ እሱን አውራ ጣታቸው አጥንት ላይ አደረገች። "ይሰማዎታል?" አለች። አይሰማኝም አሉ። ቁርጭምጭሚት ላይም አይሰማቸውም። እግር ገጥመው እንዲቆሙ፣ ከዚያ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገረቻቸው። የጨፈኑ ጊዜ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደ እኔ መጡ። ከወይዘሮ ባንቺ ጋር ሆነን ያዝናቸው።

"ዓይናቸው ሲከፈት ወለሉን አይተው ነው የሚቆሙት" አለችኝ ዶክተር ሕይወት። "እግራቸው የት እንዳለ አይነግራቸውም።" ምላሳቸውን አየች፤ እንደ ተላጠ ቀይና ልሙጥ ነው። አልጋ ላይ አስተኝታ ሸሚዛቸውን ከፍ ስታደርግ ከእምብርታቸው በላይ ረጅም የቆየ ጠባሳ አለ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ጨጓራ ነው። ድሮ ቁስለት ነበረብኝና ቆርጠው አብዛኛውን አወጡት። ከመጋባታችን በፊት ነው።"

"ለምን አልነገሩንም?"

አቶ እንየው ጣሪያውን እያዩ ሸሚዛቸውን ወደ ጠባሳው ሳቡ። ከዚያ፣ ያለ ቁጣ፣ "ማን ጠየቀኝ?" አሉ። "ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ አረቄ ነው።"

ዶክተር ሕይወት ወደ እኔ ዞራ "ስላይድ ሥሪ" አለች። አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ስቤ አደረቅሁት፣ ቀለም አቀባሁት፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ቀያዮቹ ሕዋሳት ትልልቅና እንቁላል መሰል ናቸው። ነጮቹ ደግሞ አስኳላቸው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ክፍል የሚሆነው፣ የእሳቸው አምስት ስድስት ሆኖ ተቆራርጧል። ጠርቻት አየችው። ፈገግ ስትል ያኔ ነው ያየኋት።

ለባልና ሚስቱ እኔም እንኳ እንዲገባኝ አድርጋ አስረዳቻቸው። ቢ አሥራ ሁለት የሚባል ቫይታሚን አለ። ምግብ ውስጥ ቢኖርም ሰውነት እንዲቀበለው የጨጓራ እርዳታ ይፈልጋል። ጨጓራው ሲወጣ ጉበት ያጠራቀመው ለዓመታት ያቆያል፤ ከዚያ ያልቃል። ያኔ ደም የሚሠራው መቅኒ ሕዋሱን በጊዜው መክፈል ያቅተዋል፤ ሕዋሱ ሳይከፈል ያድጋል። ነርቭም ይጎዳል። አረቄ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። በአፍ የሚወሰደው ስለማያስተማምን በመርፌ ይሰጣል፤ ዕድሜ ልክ።

ወይዘሮ ባንቺ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ብዙ አለቀሱ። አቶ እንየው "ተይ እንጂ" እያሉ የሚስታቸውን እጅ ፈለጉ። ጣታቸው ስለማይሰማ ሁለት ጊዜ አልጋውን ያዙ፤ በሦስተኛው አገኙት።

መርፌው ተጀመረ። ሰውየው ከሕዋሱ ቀድመው ተሻሻሉ። ቀይ የደም ሕዋስ ከተሠራ በኋላ ወራት ይኖራልና፣ ትልልቆቹ አርጅተው እስኪያልቁ አዲሶቹ እየተቀላቀሉ ቁጥሩ የሚወርደው ቀስ እያለ ነው። አቶ እንየው ግን በየጊዜው እየመጡ "ዛሬስ ስንት ገባ?" ይሉኛል። አንድ ቀን ያለ ጃንጥላ፣ ያለ ግድግዳ ድጋፍ ገቡና ቁጥሩን ሳይጠይቁ ወጡ።

ኮሚቴው ጉዳዩን ለመዝጋት በአቶ እንየው ፈቃድ ዶክተር ሕይወትንና እኔን ጠራን። ሰብሳቢው ጠረጴዛው ላይ ውሃ በፕላስቲክ ደርድረው፣ የማሽኑን ወረቀት ግልባጭ ይዘው ጠበቁን።

"እዚህ ላይ ኤች ይላል" አሉ። "ሕዋሱ ትልቅ ነው። ትልቅ መሆኑ ምን ጉዳት አለው?"

ዶክተር ሕይወት አንቺ ንገሪያቸው ብላ ወደ እኔ አየች። "ትልልቅ የሆኑት በጊዜው መከፈል ስላልቻሉ ነው" አልኩ። "ትልልቅ ናቸው፤ ግን ጥቂት ናቸው። ጥቂት ስለሆኑ ሥራውን አያደርሱትም።"

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት የኮሚቴው አባል "እንደ እኛ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች" አሉ። ሰብሳቢው ይህ በቃለ ጉባኤ አይገባም አሉ።

"ታዲያ ጠጥተዋል ወይስ አልጠጡም?"

"ይህ ቁጥር እሱን አይመልስም" አለች ዶክተር ሕይወት። "ጨጓራቸው አብዛኛው ወጥቷል። ምክንያቱ እሱ ነው። መርፌውን ሲወስዱ ተሻላቸው።"

ሰብሳቢው ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ውሳኔው በሳምንቱ ወጣ። አቶ እንየው ከሥራቸው አልተባረሩም፣ ደረጃቸውም አልተነካም። ምክንያቱ ግን እንዲህ ይነበባል፤ "ሠራተኛው በተደረገላቸው የመርፌ ሕክምና ከመጠጥ ሱስ ሙሉ በሙሉ የተላቀቁ መሆኑ በሐኪም ስለተረጋገጠ።"

ዶክተር ሕይወት እንዲታረም ጻፈች። ኮሚቴው ሥራውን ጨርሶ ስለተበተነ ደብዳቤውን የሚቀበል አካል የለም የሚል መልስ መጣ። በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቱ አቶ እንየውን ከሱስ ለተላቀቀ አርአያ ሠራተኛ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ሸለማቸው፤ ወጣቶችን እንዲመክሩም ጋበዛቸው። እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ሄዱ። መድረኩን ያለማንም እርዳታ ወጥተው፣ ጨጓራው የወጣ ሰው ለሐኪሙ እንዲናገር መክረው ወረዱ። ተሰብሳቢው አጨበጨበላቸው። ከግራ እግራቸው ጣቶች መደንዘዙ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ዘግይተን ነበር።

አሁን ላብራቶሪ ለሚገቡ ልጆች የምላቸው አጭር ነው። ኤም ሲ ቪ የቀይ ሕዋስን አማካይ መጠን ይለካል። ከፍ ካለ ናሙናውን አሙቃችሁ ድገሙት፣ ስላይድ ሥሩ፣ ለሐኪሙ በስልክም ቢሆን ንገሩ። ሕዋሱ ለምን እንደተለቀ ማሽኑ አያውቅም። ሰውየው ይጠየቅ።